«ሰረቁ» በይ

ረድኤት የልቦለዷን ረቂቅ ጨርሳ ገና ወገቧን ሳታቀና፣ ቬጋስ ያለ አበሻ ሁሉ ቀጥላ ምን እንደምትጽፍ ወስኖላት አደረ። ሚሚ ፀጉሯን እየሠራቻት «የፍቅር ይሁን፤ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሰው እንዳትገድይ» አለቻት። ካዚኖ አብሯት ካርታ የሚያከፋፍለው ዳጊ «እኔን ጻፊኝ፤ ሁለቴ ተፋትቼ በስያለሁ» አላት። ሁሉንም በሳቅ አለፈቻቸው።

አቶ ዓምደሚካኤል ግን በሳቅ የሚታለፉ ሰው አይደሉም። ድሮ በስደት መጥተው፣ ታክሲ ነድተው፣ ሊሞዚን ገዝተው፣ ዛሬ ሮድስ ራንች የጎልፍ ሜዳ ዳር የሚኖሩ የከተማው አበሻ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ያለ እሳቸው ፈቃድ በማኅበሩ አዳራሽ መጽሐፍ አይመረቅም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ረድኤትንና አክስቷን እትዬ አስካልን ምግብ ቤት ምሳ ጋበዟቸው።

ምግቡ ሳይቀርብ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ሊሞዚን ተደግፈው የተነሡት ፎቶ ነው፤ ከላይ በወርቅማ ፊደል «ዓምደሚካኤል፦ ዓምዱ ሰው» ይላል።

«ሽፋኑ አልቋል» አሉ። «የቀረው ውስጡ ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ልቦለድ ነው የምጽፈው።»

«እሱን ጨረስሽ አሉ። እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ።»

እትዬ አስካል በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጧት። ለካ አክስት ቀድመው «ትጽፋለች» ብለው ቃል ሰጥተዋል! ረድኤት ለመጀመሪያው ረቂቅ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፏን ገብራለች። እሺ ካለች የሚመጣው ሁለት ዓመት የሊሞዚኑ ነው፤ እምቢ ካለች አክስቷ ሰው ፊት ያፍራሉ።

«እስቲ አንድ አንቀጽ ልሞክር» ብላ ስልኳን አወጣች። «ከልጅነትዎ የማይረሱት ምንድን ነው?»

የሰውየው ፊት ፈካ። በአምስት ዓመታቸው ከጎረቤት ማሳ በቆሎ ሰርቀው ሲሮጡ ሱሪያቸው እንደወለቀ እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ ነገሯት። ጽፋ አነበበችላቸው።

«ዓምደሚካኤል በአምስት ዓመቱ በቆሎ ሰረቀ።»

ሳቃቸው ቀጥ አለ። «ማነው ሰረቀ?»

«እርስዎ። አሁን ነገሩኝ እኮ!»

«መስረቄን መች ካድኩ? ‹ሰረቁ› በይ!»

«የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፣ ጋሼ።»

«ታዲያስ? ያኔም እኔው ነበርኩ።»

አስተካከለች። «አቶ ዓምደሚካኤል በአምስት ዓመታቸው በቆሎ ሰረቁ። ባለማሳው ሲያባርሯቸው ሮጡ፤ ሱሪያቸውም ወለቀ።» ከኋላቸው የተቀመጠ ሰው ትን አለው።

«‹ሰረቁ› ሲባል ግን አንባቢ ስንት ሆነው ነው ይላል» አለች ረድኤት። «የወንበዴ ቡድን ይመስልብዎታል።»

«ይበል። ይልቅ ‹ሲያባርሯቸው› ያልሽውን አጥፊ። ‹ሲያባርራቸው›። ባለማሳው ተራ ገበሬ ነው።»

«ዕድሜያቸው ስንት ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ ሰባ ያልፈዋል።»

እስካሁን እንደ ጨዋታ ይዛው ነበር። አሁን አንገቷ ጋለ።

«የሰባ ዓመቱ አዛውንት አንተ፣ የአምስት ዓመቱ ሌባ አንቱ? አልጽፍም፣ ጋሼ።» አክስቷ እግሯን ቢረግጧትም አልተመለሰችም። «ቀጥዬ የምጽፈው ግን አሁን መጣልኝ። ከተወለዱ ጀምሮ አንቱ የተባሉ ሰውዬ ልቦለድ። ስማቸው አቶ ባዘዘው።»

«ልታሾፊብኝ ነው!»

«እርስዎማ ዓምደሚካኤል ነዎት።»

«ለሐምሌ ያሰብሽውን አዳራሽ እርሺው!»

«ፓርኪንግ ላይ አስመርቀዋለሁ።»

«በሐምሌ?» አሉ እትዬ አስካል ሳያስቡት።

«በሐምሌ! አስፋልቱ ጫማ ሲያቀልጥ!» አለች ረድኤት።

ፓራዳይዝ ሰፈር ወዳለው አፓርታማቸው ሲመለሱ አክስት መሪውን ጨብጠው መንገዱን ብቻ አዩ። ሦስተኛው ቀይ መብራት ላይ ግን አላስቻላቸውም።

«ባዘዘው ጡት ሲጠባስ ምን ልትይ ነው?»

«‹ጠቡ›።»

እትዬ አስካል ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ዋጡ። «ገበሬውስ?»

«እሳቸውም አንቱ። አዋላጇም፣ ዘበኛውም፣ ሆቴል አልጋ የሚያነጥፉትም። ሁሉም።»

«ሁሉም አንቱ ከሆነ ማን ሊላላክ ነው ታዲያ?»

«እሱ ነው ልቦለዱ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አክስት ግን ፍሬኑን እንደረገጡ ዞር ብለው አዩዋት። «ይቀየሙሻል፣ ረዲ።»

«ይቀየሙኝ» አለች፤ መጻፍ ጀምራለች።