አሥራ ሁለትና አሥራ ስድስት ሃያ ሲሆን

ሸዋሉል ጎረቤቷን ባቢከርን «የመብራት ሌባ» ያለችው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ ያውም ወፍጮ ቤቷ ደጃፍ በተሰለፉት ሴቶች ፊት። አፏን ማን ይይዝላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሮጌው ወፍጮ ጎን አዲስ የማሽላ መፈተጊያ አስተክላለች። አንዱ ብቻውን ሲሠራ ደህና ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲነሡ ግን ጥቂት ቆይቶ ብሬከሩ ይወርዳል። ማሽኑን የተከለው ሰውዬ የኃይል ማስሊያ ቀመር በከሰል ግድግዳው ላይ ጽፎላት ስለሄደ፣ እሱን ተከትላ ቮልቱን በአምፔሩ አባዛች። ሃያ ኪሎዋት መጣላት። ቆጣሪው ግን አሥራ ሁለት ነው የሚለው። ደግማ አባዛች፤ ያው ሃያ። «ስምንቱን ማን በላው?» ብላ ዞር ብትል፣ ከአጥሩ ማዶ የባቢከር መበየጃ ብልጭ ድርግም ይላል። በቃ፣ ሌባው ተገኘ።

ባቢከር የበርታ ሰው ነው፤ ነገር አያበዛም። መነጽሩን አወለቀ፣ «መልካም» አለ፣ ለሐሙሱ የልጁ ሰርግ ሊያስፈጭ ያመጣውን የማሽላ ጆንያ አንድ በአንድ ከግቢዋ ያወጣ ጀመር። ያቺን ሙሽራ ደግሞ በሕፃንነቷ አዝላ ያሳደገቻት ሸዋሉል ናት። ጆንያው በወጣ ቁጥር ሆዷ ባባ፤ ግን ሃያ ሃያ ነው፣ አሥራ ሁለትም አሥራ ሁለት ነው።

ከገበያው አጠገብ ሱቅ ያላት የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ ዐርዋ ተጠርታ መጣች። ለካች። የባቢከር መበየጃ ጠፍቶ እንኳ ያው ሃያ፣ ያው አሥራ ሁለት።

«እትዬ ሸዋሉል፣ ለአጨዳ ደቦ ሲጠሩ የቅል መለከት ነፊዎች ይመጣሉ?»

«ያለ እነሱማ ማን ጎንበስ ይላል።»

«አንድ ራስ ማሽላ ይቆርጣሉ?»

«እንኳን ሊቆርጡ፣ የሚቆርጠውንም ያስጨፍሩታል።»

«ሰውን ወደ እርሻው በሚያመላልሰው መኪና ላይ ግን ቦታ ይይዛሉ። ሞተርም እንደዚያው ነው። እንዲዞር ማግኔት ይፈልጋል፤ ለማግኔቱ የሚመጣው ኃይል በሰከንድ መቶ ጊዜ መጥቶ መቶ ጊዜ ይመለሳል፣ እህል አይነካም። ቆጣሪው ያጨደውን ብቻ ይቆጥራል፤ ሽቦው ግን የተሳፈረውን ሁሉ ይሸከማል። ብሬከሩ የሚወርደው ተሳፋሪው በዝቶ ነው።»

«እሺ፣ ስምንቱ መለከት ነፊ ነው በይኛ።»

«አሥራ ስድስት ነው።»

ሸዋሉል ወገቧን ያዘች። «አንቺ ልጅ፣ አሥራ ሁለትና አሥራ ስድስት ሃያ የሚሆነው በየት አገር ነው?»

«ሥራውና ምልልሱ በአንድ መንገድ አይሄዱማ። በእግርዎ ይለኩት። ከበሩ ቀጥ ብለው አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እጥፍ ብለው አሥራ ስድስት። ሲመለሱ በአቋራጭ ይምጡ።»

ሸዋሉል ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ሴቶቹም አብረዋት ይቆጥራሉ። አሥራ ሁለቱ ማንጎው ሥር አደረሳት። አሥራ ስድስቱ ግን ወስዶ ባቢከር ደጃፍ ጣላት፤ እሱ ጆንያውን ለሌላ ወፍጮ በጋሪ እየጫነ ነው። እንዳላየችው ሆና ዞረች፤ በአቋራጭ ተመለሰች። ልክ ሃያ።

«ታዲያ ሌባ የለም?»

«የለም» አለች ዐርዋ፣ ምልልሱን እዚያው የሚያስቀሩ፣ ጣሳ የመሰሉ ሦስት ካፓሲተሮች ሞተሮቹ አጠገብ እያሰረች። «ነፊዎቹ ከእንግዲህ እዚሁ እርሻው ዳር ይደሩ፤ ከከተማ አይመላለሱ።»

ሸዋሉል ያንኑ አቋራጭ መልሳ ሄደችበት። እንደዚያ የከበዳት እርምጃ የለም።

«ባቢከር፣ በሰው ፊት ሰደብኩህ፣ በሰው ፊት ይቅር በለኝ። ሌባ አይደለህም።»

ባቢከር ገመዱን ማሰሩን አልተወም። «ሁለት ጊዜ መጣሽ። በመጀመሪያው ዝም ብለሽ ተመለስሽ፤ እሱ ሥራ አይደለም። ይሄኛው ሥራ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

«ታዲያ ጆንያውን አታወርድም?»

«ሁለቱ ማሽን አብሮ ሲዞር ልስማ።»

ዐርዋ አስነሣቻቸው። ወፍጮው ጮኸ፣ መፈተጊያው ተቀበለው። ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ። ብሬከሩ አልወረደም። ባቢከር የጆንያውን አንድ ጫፍ ብድግ አደረገና ሌላውን ጫፍ በአገጩ አሳያት።

«ያዢ እንጂ፤ ሐሙስ ደረሰ።»