የሰባተኛው ቀን ፖም

«ቀጭ» የሚል ድምፅ ነው ከሐሳቡ ያነቃው።

ልብስ ሰፊው ሳሎኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ጡረተኛው መምህር ስለ ሞት አይቀሬነት የሚናገሩትን ያዳምጥ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ትናንት ነው የተቀበረችው። ከጎረቤት የተሰበሰቡት ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፣ ለቀስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ሻይና ቡና በቴርሞስ ይዞራል። እንዲህ ባለ ቤት «ቀጭ» የሚል ነገር አይጠበቅም። ቀና ሲል በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት አፏን በመዳፏ ከልላ ስታኝክ አየ። ከጎኗ ያለው ሰውዬም ያኝካል። የልብስ ሰፊው እህት ዝርግ ሰሃን ይዛ በየወንበሩ ፊት ጎንበስ ትላለች፤ ሰሃኑ ላይ አራት አራት ቦታ የተቆረጠ ፖም አለ።

ቅርፊቱን ሲያይ ልቡ ስንጥቅ አለ። ቢጫው ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት፣ በመንጠልጠያ እንጨቱ ዙሪያ ሻከር ያለ ቡናማ ነው። ብድግ ብሎ የእህቱን ክንድ ያዘ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከመኝታ ቤት ነዋ፣ ወንድምዓለም። መደርደሪያ ሙሉ ፖም ተቀምጦ እንግዳው ባዶ ሻይ ይጠጣ እንዴ?»

«ስንት ቀረ?»

«ምን አሳሰበህ? ካለቀ ይገዛል።»

ልብስ ሰፊው ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። ያ ፖም በየትኛውም ገበያ አይገዛም። ስም እንኳ ገና አልወጣለትም።

መኝታ ቤት ገባ። መስኮቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ ጠዋት የቆጠራቸው ሃያ ፖሞች ነበሩ። አሁን መጋረጃው ጀርባ ተንከባለው የተረፉ ሁለት ብቻ አሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ «ምነው አላለቀሰም?» እያለ ሲጠብቀው የሰነበተው እንባ ያን ጊዜ መጣ። እህቱ በሩ ላይ ደርሳ ስታየው ወደ ኋላዋ ዞረችና፣ «ተዉት፣ ይውጣለት» አለች። ለሚስቱ ይሁን ለፖሙ ያለቀሰው፣ እሱም ለይቶ አላወቀውም።

ሟች የፖም ዝርያ ተመራማሪ ነበረች። ቤተሰቡ «እሜቴ» ይላታል፤ አዛዥነቷን ለመጎንተል ባሏ ያወጣላት ስም ነው፣ በዚያው ቀረ። ሥራዋ ሲሰሙት ቀላል ነው። የአንዱን ዛፍ አበባ በሌላው ብናኝ ታዳቅላለች፣ ዘሩን ትዘራለች፣ እስኪያፈራ ስድስት ሰባት ዓመት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ከሺህ ችግኝ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙን ታስነቅላለች። የምትፈልገው ሲገምጡት ቀጭ ብሎ የሚሰበር፣ ውሃው አፍ የሚሞላ፣ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ሰባት ወር ተቀምጦም የማይለወጥ ፖም ነበር። የሚጣፍጠው አይቆይም፣ የሚቆየው አይጣፍጥም፤ ሁለቱን ማጋባት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባት። በመጨረሻ አንድ ዛፍ ተገኘ፤ ከእሱም ተባዝቶ አንድ ረድፍ ሞላ። የምርምር ጣቢያውን ፈተና ሁሉ አለፈ፣ አንድ ሲቀር። ሰባት ወር መጋዘን ከቆየ በኋላ ሰባት ቀን ደግሞ እንዲሁ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መቀመስ አለበት። «ሰው ፖም የሚበላው መጋዘን ገብቶ አይደለም» ትል ነበር እሜቴ።

ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት የመጋዘኑ ኃላፊ የሰባት ወሩን ሣጥን እቤቷ ድረስ ይዞላት መጣ። ጠዋት ፖሞቹን መደርደሪያው ላይ አስደረደረች፤ ከሰዓት በኋላ አረፈች። የፖሙና የለቅሶው ቀን አብሮ መቆጠር የጀመረው እንደዚያ ነው።

ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ የመጣው ሁሉ የሚያጽናናው በዛፉ ነበር። «አይዞህ፣ ዛፏ ቆሟል» ይሉታል፣ ዛፉን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት ሳይቀሩ። እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

በአምስተኛው ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ መጣ። ሃምሳውን ያለፈ፣ ዕድሜውን ብርድ ቤት ስለጨረሰ በጠራራ ፀሐይም ከሱፍ ኮፍያው የማይለይ ሰው ነው። አሥራ ዘጠኙንም ዓመት ከእሜቴ ጋር ሠርቷል። ልብስ ሰፊው በረንዳው ላይ ወስዶ የሆነውን ሲነግረው ኮፍያውን አወለቀ።

«ሃያውንም?»

«ሁለት ተርፏል።»

«ጋሼ፣ ሌላ እኮ የለም። የረድፉ ምርት ጥቂት ነው፤ ለሰባት ወር ያቆየነው ያንኑ ሣጥን ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጣቢያው ኮሚቴ በስምንተኛው ቀን ይሰበሰባል። የቀማሹ ነጥብ ከአምስት ሦስት ካልሞላ ረድፉ ይነቀላል። መሬቱን የሚጠብቅ ሌላ ችግኝ አለ።»

«የምትለኩበት መሣሪያ የላችሁም?»

«መሣሪያው ጥንካሬውን ይነግርዎታል። አፍ ውስጥ ገብቶ ዱቄት መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ግን አፍ ብቻ ነው። ይህን ያስተማሩን እትዬ ራሳቸው አይደሉ?» ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ቆይ እንጂ! ያን ሁሉ ፖም የበላው ሰው እዚሁ ቤትዎ ተቀምጧል። ለምን አንጠይቃቸውም?»

ጠየቋቸው። ለቅሶ ቤት ውስጥ «ከትናንት በስቲያ የበሉት ፖም እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል፤ መላሹ ግን አልጠፋም። በሩ አጠገብ የነበረችው ሴት «እንደ ማር» አለች። ሰውዬው «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አልቀመስኩም» አለ። በዚያ ቀን ጭራሽ ያልመጣ አንድ ዘመድም «ወደር የለውም» ብሎ መሰከረ። መምህሩ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው፣ «የእጇን ፍሬ ቀመስን፤ አፈሩ ይቅለላት» አሉ። ኃላፊው አንድም ሳያስቀር ይጽፋል።

ልብስ ሰፊው ግን ዓይኑ የመምህሩ ኮት ላይ ነበር። የሰፋላቸው እሱ ነው፤ ስፌቱን እንኳ ያስታውሰዋል። በግራው ኪስ ላይ እርጥብ ነገር ጠልቆ የደረቀ እድፍ አለ። መምህሩ ጥርስ የላቸውም፤ የደረሳቸውን ቁራጭ በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተውታል።

«ሰርዘው» አለው ኃላፊውን ሲሸኘው።

«ምኑን ጋሼ?»

«ሁሉንም። ሐዘን ቤት ተቀምጦ ማን ክፉ ይናገራል? እኔ አርባ ዓመት መርፌ ይዤ ኖሬአለሁ። ሱፉ አልሆን ያለውን ሙሽራ ሁሉ 'ለአንተ የተፈጠረ ነው' እያልኩ ነው የምሸኘው። ይሉኝታን ለእኔ ተወው። ደግሞስ እነሱ የበሉት በሦስተኛው ቀን ነው፤ የእሷ ፈተና የሰባተኛው ነው።»

እውነቱን ነበር። ትዳሩ ራሱ በይሉኝታ ነው የተጀመረው። እሜቴ መጀመሪያ ወደ ሱቁ የመጣችው በየኪሱ አምስት አምስት ፖም የሚይዝ ኮት ልታሰፋ ነበር። ትከሻዋን ሲለካ አንድ ፖም አወጣችና «እስቲ ቅመስልኝ» አለችው። መንጋጋ የሚያጣምም ኮምጣጣ ነበር። እንባ አቅርሮ እያኘከ «ጥሩ ነው» አላት። «ይሄን ጥሩ ካልከኝማ ኮቴንም አላምንህም!» ብላ ከት ብላ ሣቀች። ኮቱ አለቀ፤ እሷ ግን ኪሱን ታስተካክልልኝ ብላ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በሦስተኛው እሱ ኪሱን ትቶ እጇን ጠየቀ።

ከተጋቡ በኋላ በየለቀማው ወቅት ፍሬ ታመጣለታለች፣ እሱም ይቀምሳል። ሠላሳ ዓመት «ጥሩ ነው» አለ። ደብተሯ ላይ ለእሱ ብቻ የተሠመረ ዓምድ ነበራት፤ ከላይ እስከ ታች «ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ» ይላል። ሒሳቡ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አስገብታው አታውቅም።

አንድ ዓመት እጇ እስከ ክርኗ በአፈር ተለውሶ ገባች። ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን ረድፍ ነቅላ መምጣቷ ነበር፤ በአምስተኛው ወር ውስጡ መበለዝ ጀምሮ ነው።

«ምን አስቸኮለሽ? ትንሽ ብታቆዪው ምን ነበረበት?» አላት።

«አንተ ልብሱ ካልሆነ ትተረትረዋለህ። እኔ በይሉኝታ ዛፍ ባስተክል፣ ገበሬው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሸቴን ውሃ ሲያጠጣ ይኖራል» አለችው። እጇን ታጥባ እራቷን በላች። ወር ሙሉ ግን የፖም ነገር አላነሣችም።

የሞተችበት ቀን ጠዋት፣ ፖሞቹ ከተደረደሩ በኋላ፣ አልጋው አጠገብ አስቀመጠችው። የጣቢያው ቀማሽ እሷው ነበረች፤ ካልቻለች ተተኪ መሾምም የእሷ መብት ነው።

«እኔ ባልደርስ አንተ ቅመስልኝ።»

«እኔ? የመጋዘኑ ሰውዬ አይሻልሽም?»

«እሱ ዛፉን ከእኔ በላይ ይወደዋል፤ ይዋሽልኛል። አንተ ግን ዋሾ መሆንህን ታውቃለህ። ዋሾነቱን የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን መጠንቀቅ አያቅተውም።» ከሣጥኑ ጋር የመጣውን የቅምሻ ቅጽ ተቀብላ፣ «ቀማሽ» በሚለው መስመር ላይ «ባለቤቴ» ብላ ጻፈች። «እውነቱን ብቻ። ቃል ግባልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

ፈገግ ብላ አየችው። «አሁንም እየዋሸኸኝ ነው?» አለችና መልሱን ሳትሰማ እንቅልፍ ወሰዳት።

በሰባተኛው ቀን ቤቱ ጭር አለ። መጨረሻ የቀሩት እንግዶች ከምሳ በኋላ ተሰናብተው ሄዱ፣ ወንበሮቹም ወደየቤታቸው ተመለሱ። እህቱ ጥፋቷን ካወቀች ወዲህ ሁለቱን ፖሞች እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቅ ሰንብታለች፤ በሁለት እጇ አምጥታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረቻቸው። የመጋዘኑ ኃላፊ ቅጹን፣ ቢላዋና አንድ ብርጭቆ ይዞ ደረሰ። «ቀማሽ አይውጥም ጋሼ፤ አኝከው እዚህ ይትፉት» አለ። ከዚያ መታገሥ አቅቶት ጨመረ፦ «ሦስት ይበቃናል።»

ልብስ ሰፊው የመጀመሪያውን ገመጠ።

ጥርሱ ገባ፤ ድምፅ ግን አልነበረም። ጣዕሙ አለ፤ ጥፍጥናው፣ ሽታው፣ ሁሉም በቦታው ነው። ሥጋው ግን ምላሱ ላይ ሲያርፍ ተፈረካከሰና ዱቄት ሆነ። ውሃው የት እንደገባ እንጃ። ብርጭቆው ውስጥ ተፋውና ሁለተኛውን አነሣ። ያንን ቀስ ብሎ ገመጠ፣ ቀስ ብሎ አኘከ። ያው ነው። ሰባት ቀን ሐዘን የመረረው አፍ ስለሆነ ነው ብሎ ሊያመካኝ ፈለገ፤ ይሁንና ያው አፍ ጥፍጥናውን አጥርቶ ለይቶታል።

ኃላፊው ከመንጋጋው ላይ ዓይኑን አልነቀለም። መልሱን ከፊቱ አነበበው።

«ጋሼ» አለ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው። ሦስት ቢሉ ማን ያውቃል? ፖሙ አልቋል፤ ከእርስዎ ሌላ ምስክር የለም።»

«አዎ፣ የለም።»

«ከእሳቸው የቀረን እሱ ብቻ ነው።»

እህቱ በሩን ተደግፋ «ወንድምዓለም፣ እባክህ» አለች።

ልብስ ሰፊው መዋሸት ፈለገ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ውሸት አምሮት አያውቅም። ሦስት ብሎ ቢጽፍ ረድፉ ይቆማል፣ ስም ይወጣለታል፣ እሱም ሲከፋው ሄዶ የሚቀመጥበት ጥላ ያገኛል። ከዚያ አንድ የማያውቀው ገበሬ ታየው፤ በሰባተኛው ወር ሣጥኑን ከፍቶ፣ ለሰው ሸጦ፣ በሳምንቱ ሲረገም። እስክሪብቶውን አነሣ።

«ሠላሳ ዓመት ጥሩ ነው አልኳት» አለ። «አንድ ቀን እንኳ አላመነችኝም። ዛሬ ትመነኝ።»

«ባለቤቴ» ከሚለው ፊት ለፊት «2» ብሎ ጻፈ። ከሥሩም «ዱቄት ሆኗል» የሚል ጨመረና ፈረመ።

ኃላፊው ቅጹን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። አልተቆጣም፤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አወረደ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን ማጽዳት ጀመረ። ብርጭቆውን ደፋ፣ ቢላዋውን ጠረገ፣ የተገመጡትን ፖሞች ወደ ቆሻሻው ሊጥል እጁን ሰደደ።

ልብስ ሰፊው እጁን ያዘው።

«እነሱን ተዋቸው» አለ።

አንደኛውን አንሥቶ የተገመጠበት ላይ ደግሞ ገመጠ። ዱቄቱ ጉሮሮውን ቢይዘውም አልተፋውም። አኝኮ ዋጠ፣ እንደገና ገመጠ፣ እስከ እንጨቱ ድረስ ጨረሰውና ሁለተኛውን አነሣ።