ነጩ ክር

ሽማግሌው ክር ነካሪ ቀለም ባማረላቸው ቁጥር አንዲት ክር ቆርጠው ግድግዳው ላይ ይሰቅላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ናቸው። ከቤታቸው የሚወጣው ውሃ ግን ወንዙን ሰማያዊ አድርጎታል።

አንድ ቀን ልጃቸው የበቆሎ ቆረቆንዳ አክስላና ፈጭታ፣ በርሜል ሞልታ መጣች። «አባዬ፣ ውሃውን በዚህ ላጣራው።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ደግሞ ቆረቆንዳ ነው ቀለም የሚጠጣው?» ብለው ተቆጡ።

እሷ ሰማያዊውን ውሃ ከላይ ጨመረችበት። ከበርሜሉ ሥር ጠብ ጠብ ባለው ውሃ ውስጥ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ነጭ ክር ነከሩ። ቆይተው አወጡት፤ ነጭ ነው። ወደ ፀሐይ ወጥተው አገላብጠው አዩት፤ ያው ነጭ ነው። ሄደው ከክሮቹ ሁሉ በላይ ሰቀሉት።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ፣ «ይኼኛውስ ምን ቀለም ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«የልጄ ቀለም ነው» አሉ። «አይሸጥም።»