የሃምሳ አለቃ ሮይስ ምስክርነት

ወንድሜ ሎኒ አንድ መጥፎ አመል አለው፤ ሰው ያምናል። አይጠጣም፣ አይሰርቅም፣ ሚስቱ ትታው ስትሄድ እንኳ አንድ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ብቻ ሰው ያምናል። ከላዩ ያለ ሰው ከነገረው ደግሞ በቃ፣ ለሎኒ ያ ወንጌል ነው። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ በየጠዋቱ ስንት ልጅ እንደሚዋሸኝ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ እኔን ማሞኘት ቀላል አይደለም። ሮይስ ታኬትን ግን እኔም አምኜው ነበር።

ሮይስ የዚሁ የከተማችን ልጅ ነው። ኢራቅ በነበሩ ጊዜ የሎኒ ሃምሳ አለቃ ነበር። በአንድ መኪና ሄደዋል፣ አንድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመው የጦር ሰፈሩን ቆሻሻ በነዳጅ አቃጥለዋል፣ ያንን ጥቁር ጭስ አብረው ምገዋል። ዛሬ ሮይስ ጡረታውን ይዞ የወጣ፣ የቀድሞ ወታደሮች ክበባችን ሊቀ መንበር ነው። አንድ የቀድሞ ወታደር ሲሞት መቃብሩ ላይ ጠመንጃ የሚያስተኩሰው፣ ባንዲራውን አጣጥፎ ለሚስቲቱ የሚያስረክበው እሱ ነው። ሎኒ ደግሞ ጎማ ቤት ይሠራል፤ ማለቴ ይሠራ ነበር፣ ሳንባው እስኪያስቆመው ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ልትሞት ስታጣጥር ሎኒ ከኢራቅ አጭር ፈቃድ አግኝቶ መጣ። እማዬ ግን በቀጠሮ የምትሞት ሴት አልነበረችም። ፈቃዱ ሲያልቅ ነፍሷ ገና አለች። ሎኒ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚወስደውን መኪና ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ሮይስ ነበር፣ ከዚያው ከበረሃው። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ሾርባ አማስላለሁ። ሎኒ አዳመጠና፣ "እሺ አለቃዬ። እርግጠኛ ነህ? እሺ። እግዜር ይስጥልኝ አለቃዬ" አለ። ስልኩን ዘጋና ሻንጣውን መሬት ላይ ለቀቀው።

"እናትህን እስክትሸኝ ቆይ፤ ከሻምበሉ ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ አለኝ" ብሎ አለቀሰ።

ወረቀት አልጠየቀም። "እንዴት አይጠይቅም?" የሚል ሰው ቤቱ ወታደር ኖሮ አያውቅም። እነሱ ዘንድ የጥሩ አለቃ ቃል ከወረቀት ይበልጣል፤ ተኩስ ውስጥ የሚገቡት በወረቀት አይደለም፣ በቃሉ ነው። እማዬ ከወር በላይ ቆየች። ቀብረናት ሎኒ ወደ ጦሩ ሲመለስ በካቴና ተቀበሉት። ለካ ሻምበሉ የሰማው ነገር የለም። ለካ የወንድሜ ስም ከከዱት ጋር ተጽፎ ኖሯል።

በዚያ ሰሞን ሮይስ ማዕረግ ሊጨመርለት ነበር። ያለ ሥልጣኑ ወታደር አስቀረ ከተባለ ማዕረጉ ይቀራል። ሎኒ ታስሮ ያለበት ድረስ ደወለና፣ "የኔን ስም እንዳታነሳ" አለው። "ጦር ፍርድ ቤት ከምትቀርብ ያለ ክብር ልሰናበት ብለህ ፈርም። አይዞህ፣ ስድስት ወር ሲሞላ በራሱ ወደ ክብር ስንብት ይለወጣል።"

ይሄ የስድስት ወር ነገር ሮይስ የፈጠረው አይደለም፤ ጦር ሰፈር ውስጥ ትልቁም ትንሹም የሚያወራው ተረት ነው። አንዱ ለአንዱ ይነግረዋል፣ የሰማው ይምላል። የስንብት ወረቀት ግን ወይን አይደለም፤ ስላስቀመጡት አይጣፍጥም። ሎኒ ፈረመ። ስድስት ወሩ የሞላ ቀን የቸኮሌት ኬክ ጋገርኩለት፤ ላዩ ላይ "እንኳን ለክብርህ በቃህ" ብዬ በነጭ ክሬም ጻፍኩበት። ሮይስም ለፈቃድ መጥቶ ስለነበር ጠራነው። ሁለት ቁራሽ በላ። እስቲ አስቡት፣ እኔ ቤት ተቀምጦ በላ።

ከዚያ ወዲያ ሎኒ ያንን ወረቀት አውጥቶ አይቶት አያውቅም። ምን ሊያይ? ተለውጧላ! በየዓመቱ የወደቁት ወታደሮች በሚታሰቡበት ቀን ከጓዶቹ ጋር ሸሚዙን ተኩሶ ይሰለፍ ነበር። ሳንባው ጠባሳ ይዟል ሲባል ጊዜ ወደ ወታደሮች ሆስፒታል ሄደ። የመመዝገቢያው መስኮት ጋ ያለችው ልጅ ስሙን ፈልጋ፣ "ጌታዬ፣ እርስዎ እኮ የተሰናበቱት ያለ ክብር ነው። ይሄ ካልተለወጠ እዚህ ልናክምዎ አንችልም" አለችው።

"የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ ድሮ ተለውጧል" አላት።

ልጅቱ ቀና ብላ ያየችውን አስተያየት ሲነግረኝ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ነጻ የሕግ አገልግሎት ከሚሰጥ ቢሮ ሚስ ኢባራ የምትባል ወጣት ጠበቃ አገኘንለት። ስንብቱን ለሚመረምረው ቦርድ አመለከተችለት። ፈጣን ልጅ ናት፣ ነገር አትደብቅም።

"ወይዘሮ ኦፓል፣ ስልኩ ሲደወል ነበርኩ ብለው መመስከርዎ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ግን እህት ነዎት። እህት ለወንድሟ ምን ትላለች ብለው ያልፉታል። የሚያድነን ሃምሳ አለቃው ብቻ ነው።"

አርብ ማታ ክበቡ የዓሣ ጥብስ አለ፤ ከተማው ሁሉ ነው የሚመጣው። ሮይስ ሽርጥ ታጥቆ መጥበሻው ላይ ቆሟል።

"አለቃዬ፣ ላስቸግርህ ነው" አለው ሎኒ።

"ገንዘብ ከሆነ የለኝም፤ ሚስቴ ከሆነች ውሰዳት!" አለ ሮይስ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

"ሚስትህንስ ተዋት፣ ዓሣህ እያረረ ነው" አልኩት እኔ።

"ኦፓል፣ አንቺ ምላስሽን ለጦሩ ብታውሺው ኖሮ ጦርነቱ በሳምንት ያልቅ ነበር።"

ሎኒ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። ሮይስ ዓሣውን ገለበጠ፣ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ፣ ከዚያ ትከሻውን አቀፈው። "ላንተ ያልመሰከርኩ ለማን ልመሰክር ነው? ቀኑን ብቻ ንገረኝ" አለው። ሎኒ ያን ምሽት ዓሣውን በደስታ በላ፤ እኔም ልቤ ሞላ።

ሚስ ኢባራ ግን አልተዋጠላትም። ደጋግማ ደውላለት፣ "ለቦርዱ ራሴ እነግራቸዋለሁ" ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላለም። "ምን እንደሚል ሳላውቅ ምስክር ማቅረብ አልወድም" አለች።

"አለቃዬን አትጠርጥሪብኝ" አላት ሎኒ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ነው።

የቦርዱ ሦስት መኮንኖች ርቀው ስለሆኑ በስክሪን ነበር የቀረብነው፣ ጠበቃዋ ቢሮ ውስጥ። ሮይስ የክበቡን ቆብ አድርጎ፣ ጫማው እንደ መስተዋት አብርቶ መጣ። መጀመሪያ እኔ ምዬ ያየሁትን የሰማሁትን ተናገርኩ። ሰብሳቢው አመሰገነኝና ወደ ሮይስ ዞረ።

"ሃምሳ አለቃ ታኬት፣ ይህን ወታደር ከፈቃዱ በላይ እንዲቆይ በስልክ ነግረውታል?"

ሮይስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጌታዬ፣ ሎኒ ጎበዝ ወታደር ነበር። ሥራ የማይንቅ፣ ትሁት ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ መደወሌን ግን አላስታውስም።"

ሎኒ ያልሰማ ይመስል ጆሮውን ወደ እሱ አዘነበለ።

"እህቱ ሰምቻለሁ ብላለች" አለ ሰብሳቢው።

"እሷን አልፈርድባትም፣ ጌታዬ። እናቷ አልጋ ላይ ነበረች። ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ ብዙ ነገር ይሰማል።"

ሚስ ኢባራ ደጋግማ በጥያቄ ወጋችው፣ ከ"አላስታውስም" አላለፈም። እኔ ልነሳ ስል እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከበሩ ውጭ ግን የሚይዘኝ አልነበረም፤ ቆቡን ከራሱ ላይ መትቼ ጣልኩት። አንስቶ አራገፈና ወደ መኪናው ሄደ።

ውሳኔው በፖስታ መጣ፤ ማመልከቻውን አልተቀበሉትም። ደግሞ ታምናላችሁ? ሎኒ ለሮይስ ጠበቃ ሆኖ ቁጭ አለ!

"እሱ ያለበት መኪና እኮ ኢራቅ ውስጥ በፈንጂ ተመቷል" ይለኛል። "ጭንቅላት የነካ ፍንዳታ ብዙ ያስረሳል። የወጋ ቢረሳ ይባል የለ?"

"የተወጋ አይረሳም! ተረቱን ጨርሰው እንጂ!"

"ኦፓል፣ ተይው። ቢያስታውስ ይናገር ነበር። እኔ አውቀዋለሁ።"

በዚህ ተጣላን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከሮይስ ይልቅ ወንድሜን ልመታው የደረስኩባቸው ቀናት ነበሩ። የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ተደርጎ፣ ለሐኪም ለመክፈል መኪናውን ሸጦ፣ እሱ "አለቃዬ ታሟል" ይለኛል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሮይስ ራሱ መጣ፣ ሚስቱ የጋገረችውን የፖም ኬክ ይዞ። እኔ ከደረጃው ልመልሰው ስል ሎኒ ከበረንዳው ሆኖ፣ "ተይው ይምጣ" አለኝ። ሮይስ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ወንዙ መሙላት አወራ። ከዚያ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ነገሩ ገባ።

"ስለዚያ ወረቀት አትጨነቅ፣ ሎኒ። ክበቡ በኔ እጅ ነው። ቀንህ ሲደርስ፣ ያርቀውና፣ ጠመንጃ አስተኩስልሃለሁ። ባንዲራውን አጣጥፌ ለኦፓል በእጄ እሰጣታለሁ። ማንም ወረቀት አምጣ አይለኝም።"

ሎኒ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሊያመሰግነው ነበር፤ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ሊያመሰግነው አፉን ከፍቷል። ሮይስ ግን ምስጋናውን ሳይጠብቅ ቀጠለ፤ ደግነት ጀምሮ ማቆም እንዳቃተው ሰው ሆነ።

"እናትህን እኮ እወዳት ነበር" አለ። "በስልክ ስናወራ ከኋላህ ስታስል ይሰማኝ ነበር። 'ሎኒ፣ መኪናው መጣ እንዴ?' ብላ ስትጣራ። እንዴት ብዬ ና ልበልህ? አንጀቴን በላችው።"

 ሎኒ ከወንበሩ ቀና አለ።

"'መኪናው መጣ እንዴ' ነው ያለችው?" አለ ሎኒ ቀስ ብሎ።

"አዎ፣ እንደሱ ነው ያለች..." ሮይስ ቃሉን ሳይጨርስ አቋረጠ። ምን እንዳለ የገባው ያኔ ነው። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ።

"እኔ እንኳ ረስቼው ነበር" አለ ሎኒ።

"ሎኒ፣ ስማኝ..."

"ይሄንኑ ለቦርዱ ንገራቸው።"

"አሁን እንዴት? ምዬ ነው እኮ የተናገርኩት። በሐሰት መሰከረ ይሉኛል። ጡረታዬ አለ፣ ክበቡ አለ፣ የልጅ ልጆቼ..."

"ሂድ፣ ሮይስ።"

"ቀብርህ ላይ ግን..."

"ቀብሬ ላይ እንዳትደርስ። ኦፓል፣ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ" አልኩ። "ከመጣ በመጥረጊያ ነው የማባርረው።" የፖም ኬኩን አንስቼ እቅፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ደረጃውን ሲወርድ በሁለት እጁ እንደያዘው ነበር።

እኔ እንግዲህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትክክል ነበርኩ፤ ወንድሜም በመጨረሻ አየው። ሎኒ ግን ቱቦውን ከአፍንጫው አውጥቶ በእጁ ይዞ፣ መንገዱን እያየ እንደ ልጅ ስቅስቅ ብሎ ያለቅስ ጀመር። ቱቦውን መልሼ አደረግሁለት፣ ጀርባውን አሻሸሁት። ሲያስል ቆይቶ ትንፋሹን ሲያገኝ፣ "ኦፓል፣ ትዝ እንዲለው ብዬ እኮ ማታ ማታ ስጸልይለት ነበር" አለኝ።