የወተት ቀማሿ

ከኮምቦልቻ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ ቶጎ ውጫሌ፣ ከዚያ ሐርጌሳ። ሦስት ቀን ሙሉ ወገቤን ያንገላታሁት ልጄን ሀሲናን ይዤ ልመለስ ነው። እናቷ "በሰው አገር ገበያ መሬት ተቀምጣ ሻይ ትሸጣለች አሉ፤ ሳትይዛት እንዳትመጣ" ብላ ነው የሸኘችኝ። እኔ ደግሞ ከእሷ ብሼ ተናድጄ ነበር። ሠላሳ ዓመት እህል ስነግድ የኖርኩት ልጄ ለባዳ ሻይ እንድትቀዳ አልነበረም።

ልጄ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ካለችው ክፍሏ አሳድራኝ ጠዋት ወደ ትልቁ ገበያ ይዛኝ ወረደች። ገበያ አይቼ አላውቅም አልልም፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ሐብሐቡ በጋሪ ተቆልሏል፣ ቴምሩ በማዳበሪያ ተደርድሯል፣ የግመል ሥጋው ተሰቅሏል። ቲማቲም የሚገዛው ሰው እንኳ የሚከፍለው በስልኩ ነው። ልጄ በዚያ ሁሉ መሃል ማንንም ሳትገፋ ታልፋለች። እኔን ሦስቴ ጋሪ ገጨኝ፤ እሱም አናደደኝ።

ቦታዋ የግመል ወተት ሻጮች ረድፍ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ምድጃ፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ ጥላ፣ በቃ። አጠገቧ ወተት የምትሸጥ ኻዲጃ የምትባል ወፈር ያለች ሴት አለች። ሀሲና ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ታማ ስትወድቅ ቤቷ አስገብታ ያስታመመቻት፣ ኋላም ከጎኗ ቦታ የሰጠቻት እሷ ናት። "አሰላሙ ዐለይኩም" አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

"ቦታሽ ይሄ ነው?" አልኳት ልጄን።

"ይሄ ነው፣ አባ።"

"ነገ እንሄዳለን።"

ወደ መንገዱ ዞረች። ከገጠር ወተት የጫነው መኪና ደርሶ ነበር።

ወተቱ ከወረደ በኋላ ሴቶቹ ጀሪካኖቻቸውን ከፍተው ቆሙ። ገዢዎቹም ቆሙ። ሀሲና አፏን ተጉመጥምጣ ከአንዱ ጀሪካን ወደ ሌላው እየሄደች በትንሽ ኩባያ መቅመስ ጀመረች። እሷ "ጥሩ ነው" ሳትል የሚገዛ የለም።

"ለምን አንቺ?" አልኳት ተከትያት እየሄድኩ።

"የማንም ጎሳ አይደለሁማ። ለሻዬ ስገዛ ውሃ የገባበትን እየለየሁ ስመልስ አይተው ነው የጠየቁኝ።"

የኻዲጃ ተራ ደረሰ። ሦስት ሻይ ቤት ያላት ሳህራ የምትባል ገዢ ሙሉውን ልትወስድ ትጠብቃለች። ሀሲና ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። ፊቷ ሲለወጥ ገባኝ፤ ልጄ አይደለች እንዴ!

"ውሃ አለበት?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"አለበት።"

"ዝም በይ። ባለውለታሽ ናት። ለአንድ ቀን ቢታለፍ ምን ይሆናል?"

ይሄን ያልኩት በሚዛኔ ሐቀኝነት ስኩራራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ሀሲና አንዴ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ኻዲጃ ዞራ ውሃ እንዳለበት በሶማልኛ ነገረቻት። ኻዲጃ ወተቱን ያመጣውን ሾፌር ገረመመችውና ወደ እኔ ዞረች።

"ጅግጅጋ በስደት ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ" አለችኝ በአማርኛ። "ዝም በይ ስትላት ሰምቻለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አባት ነህ፣ ፈርተህላት ነው" አለች። "ግን ዛሬ ለኔ ከዋሸች፣ ነገ ጥሩ ወተት ሳመጣ ማን ያምናታል?"

ጀሪካኑን ለሾፌሩ መለሰችለት፣ ሳህራንም አጠገቧ ካለችው ሻጭ እንድትገዛ ላከቻት። የዕለት እንጀራዋ ሲሄድ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ፤ ሆኖም በርጩማ ስባ ሀሲናን አስቀመጠቻት።

"ወላሂ፣ ይቺን ልጅ ልትወስዳት ከሆነ የመጣኸው፣ መጀመሪያ ይሄን ረድፍ አስፈቅድ።"

ቀና ስል ሴቶቹ በሙሉ እያዩኝ ነው። ምን ልደብቅ፣ ደረቴ ተነፋ። እኔን የሚያምነኝ አባቴን የሚያውቅ የአገሬ ሰው ነበር፤ እሷን ያመናት ዘሯን የማያውቅ ገበያ ነው። የኔ ልጅ ናት ብዬ ለሁሉም መናገር አማረኝ፤ ሶማልኛ ስለማልችል ሀሲናን ሻይ ቀጂልኝ አልኳት።

እናቷ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

"ይዘሃት ልትመጣ ነው?"

"ማን ይሰጠኛል?" አልኳት።