ለሰገነት ጣፋጭ አትስጡ

ልጄን ሰገነትን የስኳር በሽታ ከያዛት ጀምሮ ሰፈሩን እየዞርሁ ያስጠነቀቅሁት እኔው ነኝ። ሞጣ ያለው የሕፃናት ክትትል ክሊኒክ ያስተማረኝን ይዤ፣ «ለሰገነት ጣፋጭ አትስጡ» እያልሁ ቢቸናን አዳርሻለሁ። ባለሱቁን ስጦታውንማ አንዲት ከረሜላ ቢሰጣት በሰው ፊት ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ።

ታዲያ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ እኛ አገር የሚጾመው ልጅ ነው፤ ትልቁማ ምን ይጾማል፣ ሰው ያማል እንጂ። እኩዮቿ እህል ሳይቀምሱ ቆይተው ሲቆርቡ እሷ ማለዳ መርፌዋን ተወግታ መብላት አለባት። የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ሰንበት «ለሕመምተኛ ጾም የለም፣ ብዪ» ብለዋታል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ከቄስ ፈቃድ የጓደኛ ሳቅ ይበልጣል።

አንድ ቀን መርፌዋን ወግቻት፣ ዳቦዋን ሰጥቻት፣ ቀድሜያት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ለካስ ዳቦውን ለዶሮ በትና ከልጆቹ ጋር ልትቆርብ መጥታለች። ሳያት ላብ አጥምቋታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠራት እንደ ባዳ ታየኛለች። መርፌውን ተወግታ ስላልበላች ስኳሯ ወርዷል። ቶሎ ጣፋጭ ካልቀመሰች ትሞትብኛለች።

የሚያስቀድሱት ሴቶች «ጠበል! ጠበል አምጡ!» ይላሉ።

«ለስላሳ አምጡልኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

«በስመ አብ! ልትገድያት ነው?» ብለው እማሆይ አመተ ሥላሴ ልጄን ከእቅፌ ወሰዱብኝ።

ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው የስጦታው ሱቅ በረርሁ። ለማን እንደሆነ ሲሰማ ጠርሙሱን ወደ ኋላው ደበቀ።

«እታለም ማናለሽ፣ ለሷ ከሆነስ አልሸጥም። ደንግጠሽ ነው እንጂ ራስሽ አይደለሽ የከለከልሽኝ? እኔ ቃልሽን ነው የማከብረው።»

«ቃሌን አታክብር! ልጄ እየሞተች ነው!»

ጠርሙሱን ከእጁ ነጥቄ ሮጥሁ። ልጄን ከሴቶቹ መንጭቄ ጥቂት በጥቂት አጠጣኋት። እነሱ ያማትባሉ፣ እኔ አጠጣለሁ። ቆየት ብሎ ዐይኗ ተመለሰ።

«እማ፣ ቆረብሁ እንዴ?» አለችኝ።

በነጠላዬ ላቧን እየጠረግሁ የቀረውን ለስላሳ አስጨረስኋት።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ሞጣ ሄድን። ነርሷ ሲስተር ሊድያ ሰገነትን መረመረቻትና «መብላቷን ሳታይ ለምን ወጣሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው። ቀጥላ ከሰገነት ኪስ ከረሜላ እንዳይጠፋ አዘዘችኝ።

«ከረሜላውስ ይኑር» አልኋት። «እጇ ሲንቀጠቀጥ ማን ልጦ ያጎርሳታል? እባካችሁ መጥታችሁ ለጎረቤቱ፣ ለአስተማሪዎቿ ንገሩልኝ። አትስጡ ስል የኖርሁ ሴትዮ ዛሬ ስጡ ብል አበደች ነው የሚሉኝ።»

«የኛ ፕሮግራም ለታካሚና ለወላጅ ብቻ ነው። ወጥቶ ለማስተማር በጀት የለንም። ከፈለጉ እነሱ ይምጡ።»

«የቢቸናን ሕዝብ በሚኒባስ ጭኜ ላምጣልሽ?»

ሲስተር ሳቀች። ቀልዴን አልነበረም። የሚቀጥለውን ልጅ ስትጠራ ተነሥተን ወጣን።

በሩ ላይ ሰገነት እጄን ጨበጥ አደረገች።

«እማ፣ መስከረም ትምህርት ቤት ስገባ እንደዚያ ብሆንስ?»

«እኔ አለሁልሽ» አልኋት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ገበያ እህል ስሰፍር የምውለው እኔ።