የይታሰብበታል ኮት

«ኮቱን አምጪ አልኩሽ!» አለች አፖንዲ፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እየሰማ።

አዊኖ ጥቁሩን ኮት ጭኗ ላይ እንደያዘች ቀና አላለችም። «እትዬ፣ ሰው ይውጣና እሰጥሻለሁ።»

«ሰው ይስማ እንጂ! የሟችን ኮት ለብሳ የምታለቅስ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ኪሱሙ ከተማ ተቀምጠሽ ወጉ ጠፋሽ?»

በሕዝባቸው በሉዎ ቋንቋ ጣውንትና ቅናት ከአንድ ቃል ይወለዳሉ። አፖንዲ ቃሉን ኖራዋለች። ባሏ ዛካሪያ ኦዴሮ እንግሊዞች ላቋቋሙት የአገሬው ምክር ቤት ሲመረጥ ያን ኮት ያለበሰችው እሷ ናት፤ በሬ የሚያህል ትከሻው ስፌቱን ወጥሮት ነበር። ከተማ ገባና አዊኖን አገባ። ለአፖንዲ ማሽላውና አማቷ ቀሩላት።

ምክር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሲቀመጥ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ለወንዛቸው ድልድይ። እንግሊዙ ሹም ሁልጊዜ «ይታሰብበታል» ይለዋል። ኋላ መንደሩ ስሙን ትቶ «ይታሰብበታል» ይለው ጀመር።

«ይታሰብበታል እንኳ ሞተ» አለ የሟች ወንድም፣ የአፖንዲ ዋርሳ ኦጎላ አጥሚቱን እየማገ፣ «ድልድዩ ገና እየታሰበበት ነው።»

ለቅሶ ደራሹ አፉን በመዳፉ ይዞ ሳቀ። አዊኖም እያነባች ሳቀች። ለአፖንዲ ሳቁ እንኳ የአዊኖ ሆነባት! ተነስታ ኮቱን ነጠቀችና እጇን በእጅጌው ሰደደች። ትከሻዋ ላይ ሲደርስ አልሄድ አለ።

«አጠበብሽው! እኔ እንዳልለብሰው ብለሽ!»

«ያጠበበውስ በሽታው ነው» አለች አዊኖ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በከሳ ቁጥር ስፌቱን በመርፌ አስገባሁለት፤ ሦስት ጊዜ። ሰው ይውጣ ያልኩሽ ለዚሁ ነበር።»

«ታሞ ነበር? ለምን አልላክሽብኝም?»

«አስምሎኝ! ‹አፖንዲ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ› ብሎ። እኔ ፊት መክሳቱን አፍሮበት አያውቅም። አንቺን ግን ያፍር ነበር።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ምን ያህል እንደቀናሁብሽ ብታውቂ።»

ኦጎላ አጥሚቱን መሬት አስቀመጠ።

«ስጪኝ፣ ስፌቱን ልተርትረው» አለች አዊኖ።

«እንዳትነኪው። እሱ በለበሰው ልክ ይሁን።»

አፖንዲ ትከሻዋን ሰበሰበች። እስትንፋሷን ዋጥ አድርጋ፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ ጨርቁ እየጮኸባት አንዱን ቁልፍ ቆለፈች።